የስፌት መኪናውን ስትሰጡ ቺንጋውን አትርሱ

ክቡር አዘጋጅ፦

በጦርነት ለተጎዱ ወገኖች ስለሚደረገው ድጋፍ የምታወጧቸውን ዜናዎች አነባለሁ። ፎቶው ሁሌ አንድ ነው። ከኋላ ባነር፣ ከፊት የተከመረ ዱቄትና ዘይት፣ መሃል ላይ የሚጨባበጡ ሁለት ባለኮቶች። እርዳታው የመጣላት እናት ወይ ጥግ ላይ ናት፣ ወይ ጭራሽ የለችም።

እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ከወሎም ከትግራይም ተፈናቅለው የመጡ ደንበኞች አሉኝ። ዘመድ ጋ ተጠግተው ወይም አንድ ክፍል ለሁለት ቤተሰብ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ድንኳን ውስጥ ስላልገቡ ብዙ ጊዜ እንደ ተፈናቃይ የሚቆጥራቸው የለም። አንዳንዶቹ ከበጎ አድራጎት ድርጅት ያገኙትን መኪና ሊያስጠግኑ ይመጣሉ። ሊሸጡት የሚመጡም አሉ።

ሰው “የተሰጣቸውን መሸጥ ልማዳቸው ነው” ይላል። እኔ እንደማየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥቂት ወር ይሠለጥናሉ፣ ሰርተፍኬት ይቀበላሉ፣ መኪናውን ይረከባሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። መኪና ብቻውን ልብስ አይሰፋም። ክርና መርፌ አለ፣ መቀስ አለ፣ ካውያ አለ፣ የመጀመሪያው ጨርቅ መግዣ አለ፣ ደንበኛ የሚያገኝህ ቦታ አለ። ለአንዷ ደንበኛዬ የተሰጣት በሞተር የሚሠራ ነው። አከራይዋ ቆጣሪ ይቆጥራል ብለው ማታ እንዳትሰፋ ከለከሏት። ቀን ደግሞ መብራት ይጠፋል። የእግር መኪና ቢሆን ኖሮ መብራት ጠፋ አልጠፋ ሥራዋ አይቆምም ነበር። የትኛው ይሻልሻል ብሎ የጠየቃት የለም። በዚህ ላይ ሞተሩን ከመኪናው የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይበጠሳል፣ መኪናው ጥግ ይቀመጣል፣ የኪራይ ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የሚሸጠው እሱ ነው። ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ሥልጠና በቺንጋ ዋጋ ይቀራል።

ቀለብ ይቅደም፣ በዚህ ክርክር የለኝም። የኔ ጉዳይ ከቀለቡ በኋላ ያለው ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ከዚያ ዓመታት አልፈውም ትግራይ ውስጥ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። በእርዳታ እህል ብቻ የሚኖር ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ አይተናል። በሰኔ 2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ እህሉ ለተረጂው እየደረሰ አይደለም፣ ወደ ሌላ እየሄደ ነው ብለው በመላው አገሪቱ ማደሉን አቆሙ። ትግራይ ላይ ከዚያም ቀድመው አቁመው ነበር። እስኪመለስ ወራት ፈጀ። የሰረቀው ሌላ፣ ጦሙን ያደረው ሌላ። ቀጥሎ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከሱ ከሁሉ የበለጠ እርዳታ ታገኝ የነበረችው ደግሞ የኛው አገር ነበረች።

የገበሬው ይብሳል። በሬው ታርዷል፣ ለዘር ያስቀመጠው እህል ተበልቷል። ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል፣ ጤፍ በሐምሌ። የጤፍ ዘር መስከረም ላይ ቢደርሰው ምን ያደርገዋል? ያስፈጨዋል። ሪፖርቱ ላይ ግን “የዘር ድጋፍ ተደርጓል” ተብሎ ይጻፋል።

ታዲያ ለምን ገንዘቡን አንሰጣቸውም? ይህን ስል “ይጠጡበታል” የሚለኝ አይጠፋም። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከተለያዩ አገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስበው አይተውት ነበር። በጥሬ ገንዘብ የተረዳ ድሃ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጣው ይጨምራል የሚለውን ሐሜት የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም። ቴሌብርም አለ፣ ባንክም አለ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በድሮ ዋጋ የተሰላ “የማቋቋሚያ ብር” ዛሬ ምንም አያቋቁምም።

ደግሞ ይሄ የአሮጌ ልብስ ነገር! እርዳታ ይሰብሰብ በተባለ ቁጥር ከየቤቱ በማዳበሪያ እየተሞላ ይመጣል። መለየቱ ጉልበት ነው፣ የጭነት መኪናው ኪራይ ገንዘብ ነው። በብርድ ላለ ሰው ብርድ ልብስና ጋቢ ግድ ነው፣ እሱን አልነካም። ግን አዲስ አበባ ቁም ሳጥኗን ባጸዳች ቁጥር ወልድያ ላይ ሥራውን ሊጀምር የሚሞክር ልብስ ሰፊ ገበያ ያጣል። በሰልባጅ ምክንያት የተዘጋ የስፌት ቤት እዚሁ ሰፈሬም አውቃለሁ።

ከውጭ የመጣው ገንዘብ እንኳ ቢሆን እዚህ ያሉ ድርጅቶች እጅ የሚገባው ትንሽ ነው። ትልልቆቹ ለጋሾች በ2008 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው ከሰብዓዊ እርዳታው ቢያንስ 25 በመቶው ለአገር ውስጥ ድርጅቶች እንዲደርስ ተስማምተው ነበር። አልደረሱበትም። እኛ ግን የነሱን መጠበቅ የለብንም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተመሠረተው በ1927 ነው፣ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ። ያኔ ከዛሬው የበለጠ ገንዘብ ስለነበረን አይመስለኝም።

እድሮቻችንስ? የኛ እድር በ2016ቱ የሰፈር ቤቶች ፈረሳ አባሎቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ቢበታተኑበትም ዛሬም ለለቅሶ ድንኳን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ እድር በዓመት አንድ የተፈናቀለ ቤተሰብ ቢይዝ አያቅተውም። አባወራውንና እማወራዋን “በፊት ምን ትሠሩ ነበር?” ብሎ ይጠይቅ። ምጣድ ከሆነ ምጣድ፣ የፀጉር ቤት ዕቃ ከሆነ እሱን። የሦስት ወር ኪራይ ይጨመርበት። ዕቃው ከተሰጠ በኋላም አንድ ሰው እየሄደ ይይ፣ የተበላሸ ካለ ይነገር። ስፌት የመረጡትን ወደኔ ላኩልኝ፣ ለመኪናቸው የእጅ ዋጋ አልቀበልም።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የርክክቡን ፎቶ አውጡ፣ ችግር የለም። ግን ከስድስት ወር በኋላ ጋዜጠኛ ላኩና እዚያች ሴት ቤት ገብቶ መኪናው እየሠራ እንደሆነ አይቶ ይጻፍ። ከቆመም ለምን እንደቆመ ለጋሹን በስም ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር
የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ
ከተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ