«ጫጫታ» ብላችሁ ጻፉበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? ጋዜጣችሁን የማነበው ሱቄ ውስጥ ነው፤ ደንበኛ ሲጠፋ። ሰሞኑን በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ትንንሽ ሜካኒካል ኪቦርዶች የወጣውን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ለጽሑፍም ለጌምም የሚሆን ኪቦርድ የፈለገ ሰው ባለ 61 ወይም ባለ 64 ቁልፏን ይግዛ፣ ጠረጴዛ አታጣብብም፣ ታምራለችም ትላላችሁ። ታምራለች፤ በሱ አልጣላችሁም። ግን ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው በነዚህ ኪቦርዶች አንድ ገጽ አማርኛ እንኳን ጽፎ እንደሆነ ተጠራጠርኩ። ነገሩ ከውጭ ግምገማ ላይ የተቀዳ ይመስላል። እነዚያ ሰዎች ደግሞ የሚጽፉት እንግሊዝኛ ነው፤ ለነሱ ትክክል ሊሆን ይችላል።

እኔ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ጥሪ ሳይቀር እጽፋለሁ። ግማሹ አማርኛ ነው፣ ግማሹ አፋን ኦሮሞ። ማታ ደግሞ ቤቴ ገብቼ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጌም እጫወታለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሚስቴ አሁንም አልለመደችውም። እና «ለጽሑፍም ለጌምም» የምትሉት ሰው ማለት እኔ ነኝ።

አሁን አንድ ነገር ልቁጠርላችሁ። እኔ በምጠቀምበት የፎነቲክ አጻጻፍ አንድ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሳድሱ ብቻ በአንድ ያልፋል። ጠ፣ ጨ እና ኘ ሲመጡ ደግሞ ሺፍት ይጨመራል። ቲን ብቻዋን ስትነኳት ት ናት፣ ከሺፍት ጋር ጥ ትሆናለች። ሲ ች ናት፣ ከሺፍት ጋር ጭ። ኤን ን ናት፣ ከሺፍት ጋር ኝ። እስቲ «ጫጫታ» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ፊደል ነው። ስድስት ቁልፍ ትመታላችሁ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሺፍት ትይዛላችሁ። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍት ትዝ የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲጀምርና የሰው ስም ሲጽፍ ነው፤ እኔ «ጠጣ» ለማለት ብቻ ሁለቴ እይዘዋለሁ።

የትኛውን ሺፍት ነው ካላችሁ፣ ቀኙን። ቲም ሲም በግራ እጅ የሚመቱ ቁልፎች ናቸው። አስር ጣቱን አሰልጥኖ የሚጽፍ ሰው በግራ እጁ ቲን ሲመታ ሺፍቱን በቀኝ እጁ ትንሽ ጣት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ጠ እና ጨ የቀኙ ሺፍት ልጆች ናቸው። ያቺ የምታሞግሷት ባለ 64 ቁልፍ ኪቦርድ ደግሞ አራቱን ቀስቶች ለማስገባት ስትል የቆረጠችው ማንን ይመስላችኋል? ቀኙን ሺፍት። በትልቁ ኪቦርድ ላይ የሦስት ቁልፍ ያህል ስፋት የነበረው ሺፍት እዚያ ላይ እንደማንኛውም ፊደል አንዲት ቁራጭ ቁልፍ ሆኗል፤ አጠገቡ ወደ ላይ የሚወስደው ቀስት ተቀምጧል።

ይህን ያወቅኩት በገንዘቤ ነው። አምና አንዷን ገዝቼ ሱቅ አመጣኋት። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንድ የኪራይ ውል እየጻፍኩ «ጠቅላላ» ልል ስል ትንሿ ጣቴ ሺፍቱን ሳትና ቀስቱን ነካች። ከርሰሯ አንድ መስመር ወደ ላይ ዘለለች። እኔ ዓይኔ የሰውየው የእጅ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ጣቴ ቀጥሏል። «ተቅላላ» የሚል ቃል የአከራዩ ስምና የአባታቸው ስም መሃል ገብቶ ተቀመጠ። አትሜ ሰጠሁ። ሰውየው ሄደው፣ ምስክሮቻቸውን ሰብስበው፣ ሊፈርሙ ሲሉ ጮክ ብሎ ሲነበብ ነው የተገኘው። ተመልሰው መጡና «አንተ ልጅ፣ አባቴን ምን አልካቸው?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር፣ ደግነታቸው። ሁለተኛውን ኮፒ በነፃ ነው ያተምኩላቸው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሙሉው ኪቦርድ 104 ቁልፍ ነው። ከቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ሰሌዳ ሲነሳ 87 ይቀራል። እሱ ቀኙን ሺፍት አይነካውም፣ ቀስቶቹም ለብቻቸው ዘወር ብለው ነው የሚቀመጡት። ቦታ ያለው ሰው እሱን ይግዛና ይረፍ። ከዚያ በታች 84 አካባቢ ያለው፣ ሰባ አምስት ፐርሰንት የሚሉት አለ። እንደ ላፕቶፕ ኪቦርድ ሁሉም ተጠጋግቶ የተደረደረበት ነው፤ ሺፍቱ አጥሯል ግን ገና ሺፍት ይመስላል፣ ጣት ይለምደዋል። አሁን እኔ ያለኝ ይሄ ነው፤ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ግድም ፈጀብኝ። 68ቷ የኤፍ ቁልፎችን መስመር ጥላለች፤ ሺፍቷ ከ84ቱ ብዙም አይለይም፣ ኤፍ 5 እና ኤፍ 2 ለማያስፈልገው ሰው ጥሩ ናት። 61ዷ ሺፍቷን ባትቆርጥም ቀስት የላትም፤ ኤፍኤን የምትባል ቁልፍ ይዛችሁ ሌላ ፊደል ትመታላችሁ። አዲስ ጽሑፍ ብቻ ለሚጽፍ ይሆናል። የኔ ሥራ ግን ግማሹ ማረም ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ አንዲት ፊደል ማስተካከል። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ኤፍኤን ይዞ ቀስት መፈለግ ያሰለቻል። የሒሳብ ሠራተኞች ደግሞ እባካችሁ ትንሹን አትግዙ፤ ያለ ቁጥር ሰሌዳ ቀናችሁ አይመሽም።

ስለ ጌሙ ግን ልክ ናችሁ፤ ትንሽ ኪቦርድ ይረዳል። ምክንያቱ ውበት ሳይሆን ማውሱ ነው። ተኩስ ያለበት ጌም የሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ የማውሱን ፍጥነት ዝቅ ስለሚያደርገው ዞር ለማለት እጁን ሰፋ አድርጎ መጥረግ አለበት። የቁጥር ሰሌዳው ሲነሳ ማውሱ ወደ ሰውነት ይጠጋል፣ ትከሻም ያርፋል። የኔ የቤት ጠረጴዛ የልጁን የቤት ሥራም የሚሸከም ስለሆነ ያቺ አንድ ስንዝር ብዙ ናት። ደስ የሚለኝ ደግሞ እዚያም ሺፍት መኖሩ ነው፤ ካውንተር ስትራይክ ላይ ሺፍት ስትይዝ ኮቴህ ሳይሰማ ትራመዳለህ። ቀን በቀኙ ጨ እጽፋለሁ፣ ማታ በግራው አደባለሁ።

ስዊቹ ላይ ትንሽ ላርፍ፤ እናንተ በሁለት መስመር ነው ያለፋችሁት። ሜካኒካል የሚያሰኘው እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ስፕሪንግ ያለው ትንሽ ስዊች መኖሩ ነው፤ በተለመደው ኪቦርድ ሥር ያለው ላስቲክ ነው። የጀርመኑ ቼሪ ያወጣው የቀለም አጠራር ነው ዛሬ ሌሎቹ ስዊች ሠሪዎች፣ ጌትሮንም ካይልም አውተሙም፣ የሚከተሉት። ቀዩ ምንም ሳይይዝ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፣ ጣትህ «ነካሁ» ብላ ታውቃለች። ሰማያዊው ጉብታም ድምፅም አለው። የቼሪው ቀይ 45 ግራም ያህል ግፊት ይበቃዋል፤ ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ኮምፒውተሩ ግን 2 ሚሊሜትር ላይ ሰምቶታል። እስከ ታች መደብደብ አያስፈልግም ማለት ነው። ማታ ጣቴ የማይዝለው በዚህ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ሰማያዊ ነበር። እናቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ልጅ እያለሁ ቢሮዋ ስሄድ የታይፕራይተሩ ጠቅጠቅታ ያስተኛኝ ነበር፣ እና ሰማያዊውን ስሰማ ልቤ ወደዚያ ሄደ። ቤት ሳመጣው ግን እኔ ብቻ ነኝ የወደድኩት። ግድግዳችን ብሎኬት ነው። በአራተኛው ሌሊት ነው መሰለኝ፣ አከራያችን እማማ ጠዋት በር ላይ ያዙኝና «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት የምትወቅጠው ቡና ነው?» አሉኝ። አፍሬ ምን እንደምል ጠፋኝ። በጽሑፋችሁ «ደስ የሚል ድምፅ» ያለውን ሰማያዊ የመከረው ሰው ብቻውን የሚኖር መሆን አለበት።

ሌላም ችግር አለበት። ሰማያዊ ስዊች ከተመታ በኋላ እንደገና ለመመታት ከፍ ብሎ መመለስ አለበት፤ አንድን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ለመምታት ይከብዳል። በአማርኛ የሚጠብቅ ፊደል ሁለቴ ስለማይጻፍ ብዙም አይታወቅም። በቁቤ ግን አናባቢ ሲረዝም ሁለት ነው፣ ሲጠብቅ ሁለት ነው። ገና «አዳማ» ብሎ ሲጀመር ኤዋ ሁለቴ ሁለቴ ትመጣለች። አፋን ኦሮሞ ለሚጽፍ ሰው ቀዩ ወይም ቡናማው ይቀላል። እኔ ቡናማ ላይ ነው የቆምኩት፤ ለጌም ቀዩ ትንሽ ይሻል ይሆናል፣ ቡናማው ግን ቀን እንጀራዬን አያበላሽብኝም።

አሁን ደግሞ ስዊቻቸው በማግኔት የሚሠራ ኪቦርዶች መጥተዋል። ፈጣን ናቸው፣ አልክድም። ሁለት ተቃራኒ ቁልፍ ስትይዝ የመጨረሻውን ብቻ የሚቀበለውን፣ ስናፕ ታፕ የሚሉትን ነገር ግን የጌሙ ባለቤት ቫልቭ ነሐሴ 2016 ላይ በካውንተር ስትራይክ 2 ኦፊሴላዊ ሰርቨሮች ከልክሎታል፤ ከጨዋታ ያስወጣል። ለሱ ብሎ ተጨማሪ የሚከፍል ካለ ይወቀው። ደግሞ እኔ ቤት የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ፒንጉ፣ ማለትም ምልክቱ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። በዚህ ላይ ስለ 1 ሚሊሰከንድ መጨነቅ ቅንጦት ነው። ብሉቱዙን ለስልክ፣ ገመዱን ለጌም፤ ሌላው ትርፍ ነው። መብራት ሲጠፋም ባለገመዱ ከላፕቶፑ ባትሪ ይበላል፣ የሚያብረቀርቀውን ብቻ አጥፉት።

አዳማ የሚኖር ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያስበው አቧራውን ነው። ኮረብታው ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ሱቄ በሯ ወደ መንገድ ነው፣ ባጃጅ ሲዞር ሁሉም ነገር ላይ ይሰፍራል። ከስድስት ወር በኋላ የኤል ቁልፌ አንዴ ስነካት ሁለቴ መጻፍ ጀመረች፤ «ሰላም» የሚለው «ሰልላም» እየሆነ መጣ። የድሮው ቢሆን ኪቦርዱን ሙሉ መጣል ነበር። አሁን ያለኝ ግን ሆት ስዋፕ ነው፤ ብየዳ የለውም፣ ከጥቅሉ ጋር በመጣችው መቆንጠጫ ስዊቹን ነቅዬ ትርፉን ሰካሁ። ሦስት ደቂቃ ነው የፈጀው፤ ደንበኛው ቆሞ እያየኝ ነበር፣ ጥርስ የነቀልኩ መሰለው። ስለዚህ ስትገዙ «ይነቀላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስዊች ለብቻው ስትገዙ እግሩን ቁጠሩ፤ ሦስት እግር የሚቀበል ቦርድ ላይ አምስት እግር ያለው አይገባም፣ ሁለቱን የፕላስቲክ እግሮች በጥፍር መቁረጫ ካልቀነሳችኋቸው። የቁልፉ ክዳን ፒቢቲ ከሚባለው ፕላስቲክ ቢሆን ደግሞ ቶሎ አይለሰልስም። ኤቢኤስ ከሚባለው ሌላው ፕላስቲክ የሆነው የሱቄ አሮጌ ኪቦርድ ላይ ኤዋና ኢዋ እንደ መስታወት ያበራሉ።

ሱቅ ስትገቡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ «ሜካኒካል ፊል» የሚል ከተጻፈበት ሜካኒካል አይደለም፤ ላስቲክ ነው፣ መብራት ተጨምሮበት። አንድ ክዳን ንቀሉና እዩ፤ ሥሩ ለብቻው የቆመ ባለቀለም ስዊች ከሌለ ብራችሁን መልሱ። ሁለተኛ፣ «ይሄኛው አማርኛ ይጽፋል» የሚል ሻጭ አጋጥሞኛል፣ ዋጋውንም በዚያው ሰበብ ከፍ አድርጎታል። ኪቦርድ አማርኛ አያውቅም። ቲ ተነካች ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ት የሚያደርጋት ውስጥ የጫናችሁት ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን የሚባል ፕሮግራም ነው። ማንኛውም ኪቦርድ አማርኛ ይጽፋል፤ ጥያቄው ሺፍቱ የት ነው የሚለው ነው።

ለአዘጋጁ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ኪቦርድ ስትሞክሩ እንግሊዝኛውን ተዉትና «ጫጫታ» ብላችሁ አስር ጊዜ በፍጥነት ጻፉበት። አንዷ እንኳን «ቻቻታ» ሆና ከወጣች እሱን ጽፋችሁ አውጡ። ባለ 64 ቁልፏ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ንጹሕ ናት፣ መብራቷም ይሠራል። ጠ የሌለበት ሥራ ያለው ሰው ካወቃችሁ በቅናሽ እሸጣታለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዳማ