ለእህቴ፦ ስለ ብሌዘሩ ፓተርን

ፍራንክፈርት

ለውድ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሰው በላክሁልሽ ፖስታ ውስጥ የብሌዘሩ (የኮቱ) ፓተርን ማለትም መቁረጫው የወረቀት ንድፍ፣ በካውያ የሚጣበቀው ማጠንከሪያ ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል እና ሦስት ቁልፎች አሉ። መመሪያው በጀርመንኛ ስለሆነ ዋና ዋናውን እዚህ ጽፌልሻለሁ። መቀስ ከማንሳትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ፓተርኑ ቡርዳ ከሚባለው የስፌት መጽሔት ነው። ወረቀቱ ላይ የብዙ ልብስ መስመር ተደራርቦ ስለታተመ እሱን አትቁረጪው፤ የአንቺን መስመር ብቻ ተከትለሽ በስስ ወረቀት ገልብጪ። ደግሞ የስፌት ትርፍ የለውም፤ የምታዪው መስመር የስፌት መኪናው የሚሄድበት ነው። ዙሪያውን 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለታቹ ቅምቅማትና ለእጅጌው ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ። እንደ ሲምፕሊሲቲ ያሉት የአሜሪካ ፓተርኖች 1.5ቱን አብረው ስለሚያትሙ ሁለቱን ያምታታ ሰው በጣም ጠባብ ወይም በጣም ሰፊ ኮት ይሠራል። ቁጥሩን በደረት ዙሪያሽ ምረጪ፦ 88 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 38፣ 92 ከሆነ 40 ነው። ፓተርኑ የተሠራው ቁመቷ 168 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ነው። አንቺ ስለምታጥሪ የቁመቱን ብልጫ ከታች ጫፍ ሳይሆን ከብብትና ከወገብ መካከል ቀንሺ፤ አለዚያ የወገቡ መጥበቢያ ዳሌሽ ላይ ይወርዳል።

ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ወይም ሊነን 2 ሜትር ይበቃሻል፤ ዳማ ወይም መስመር ካለው ግማሽ ሜትር ጨምሪ። የሽመና ጨርቅ ካማረሽ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ክፍሎቹን መሬት ላይ ደርድረሽ ርዝመቱን ለክተሽ ግዢ። ማንኛውንም ጨርቅ ሳትቆርጪ እጠቢና ተኩሺው። ከተሰፋ በኋላ ቢሰበሰብ ማጠንከሪያው አብሮ ስለማይሰበሰብ ደረቱ አረፋ አረፋ ያወጣል።

ዋናውን ጨርቅ ከመንካትሽ በፊት በአቡጀዲ ሞክሪው። ኮሌታና ኪስ አያስፈልግም፤ አካሉንና አንድ እጅጌ በሰፊ ስፌት ያዢና ልበሺው። ክንድሽን ስታነሺ ኮቱ በሙሉ አብሮ ከተነሣ የክንድ መግቢያው ወደ ታች በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጠበበኝ ብሎ ብብቱን ይቆርጠዋል፤ ያኔ ይብሳል። መድኃኒቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ የብብቱን መስመር በ1 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊ፣ የእጅጌውንም በዚያው ልክ።

ማጠንከሪያውን በፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከፊት በውስጥ በሚገጠመው ክፍልና በሁለቱም ኮሌታዎች (በላዩና በታቹ) ላይ አጣብቂ። ካውያውን አትጎትቺው፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ተጫኚ፣ አንሺ፣ ቀጥሎ ወዳለው ቦታ ሂጂ። እስኪበርድ ድረስ ከጠረጴዛው አታንሺው፤ ሙጫው ሳይደርቅ ከታጠፈ እጥፋቱ አይለቅም። በመጀመሪያ በቁራጭ ጨርቅ ሞክሪ።

የቤት ስፌት መሆኑን የሚያጋልጠው ኮሌታው ነው፣ እዚህ ላይ አትቸኩዪ። የታቹ ኮሌታ ሁለት ቁራጭ ሆኖ በሰያፍ ይቆረጥ፤ ሰያፍ ጨርቅ አንገት ላይ ሳይከራከር ይዞራል። ደግሞ በውጭ ጠርዙ ከላዩ ኮሌታ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይነስ። እኩል ከሆኑ የላዩ ሲታጠፍ ስለሚያጥር ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመማል፣ ስፌቱም ይታያል። ደረት ላይ ለሚገለበጠው ክፍልም ሕጉ ያው ነው፦ ከላይኛው ቁልፍ በላይ የውስጡ ክፍል ትንሽ ይብለጥ፣ ከቁልፉ በታች ግን የውጩ።

የታቹን ኮሌታ ከኮቱ አንገት፣ የላዩን ከውስጡ ክፍል ጋር ስፊ፣ ከዚያ ሁለቱን ፊት ለፊት ግጠሚ። ኮሌታውና ደረቱ የሚገናኙበት ነቁጥ ላይ አራት ጨርቅ ይገናኛል። መርፌው ልክ ነቁጡ ላይ ይቁም፤ ትርፉን ይዞ ካለፈ ማዕዘኑ ይጨማደዳል። የግራና የቀኙ ማዕዘን በ2 ሚሊ ሜትር ቢለያይ እንኳ ዓይን ያየዋል፣ ስለዚህ ነቁጦቹን መጀመሪያ በእጅ ወስውሺ። ከዚያ አንዱን የስፌት ትርፍ 6፣ ሌላውን 3 ሚሊ ሜትር አድርገሽ ከርክሚ፤ እኩል ከተዉሻቸው ከውጭ እንደ ገመድ ያብጣል።

የእማዬ ሲንጀር ለዚህ ይበቃል። 90 ቁጥር መርፌ ግጠሚ፣ ስፌቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። እያንዳንዱን ስፌት ቀጣዩ ሳያቋርጠው ተኩሺው።

የእጅጌው ራስ፣ ትከሻ ላይ የሚገጠመው የላይ ጫፉ፣ ከክንድ መግቢያው ዙሪያ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ስሕተት አይደለም፣ ትከሻው እንዲሞላ ነው። ሱፍ በእንፋሎት ይሰበሰባል፣ ጥጥ ግን እሺ አይልም፤ ስለዚህ የእጅጌውን ራስ ዝቅ አድርገሽ ብልጫውን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር አውርጂው። በስፌት ትርፉ ውስጥ ሁለት ረድፍ ሰፊ ስፌት ሰፍተሽ ክሩን ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ በእጅ ወስውሺና ልበሺው። ቡፍ ካለ ክሩን አስተካክይ፤ ክንድሽን ጥለሽ ሳለ የተጠማዘዘ መስመር ካየሽ እጅጌውን በ1 ሳንቲ ሜትር አዙሪው። መኪና የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አካሉ ያለ ገበር ይቅር፤ እጅጌው ብቻ ገበር ይኑረው፣ ሸሚዝ ላይ እንዲንሸራተት።

ኪሱን ከለበስሽው በኋላ እጅሽ በሚያርፍበት ቦታ አድርጊው። ቁልፎቹ 23 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ውፍረታቸው 3፤ ቀዳዳው 26 ይሁን፣ በቀኝ በኩል። ስትተክያቸው ከሥር የክብሪት እንጨት አድርጊ፤ ስታወጪው የሚቀረውን ልል ክር ጠምጥመሽ ቋጪው። ሁለቱ ለፊት ናቸው፣ አንዱ መጠባበቂያ።

አቡጀዲውን ለብሰሽ ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ክንድሽ ወደ ታች ይሁን። እስክመልስልሽ ድረስ ጨርቁን አትቁረጪ። እማዬን ሳሚልኝ።

እህትሽ