ሮጠሽ አትወርጂም፤ ቤትሽን አስተካክዪ

ውድ ልጄ፣

«መሬት ሲንቀጠቀጥ ሮጬ ልውረድ ወይስ ባለሁበት ልቆይ?» ላልሽኝ መልሱ ርቀቱ ላይ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ሲያናውጠን የከረመው የሚነሣው ከፈንታሌና ከዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ነው፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ያሉት የምድር ቅርፊቶች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በተከፈተው በኩል ማግማ (ከምድር ውስጥ ያለ የቀለጠ ዓለት) ሰርጎ ሲገባ ዙሪያውን ያለውን ዓለት ይሰብራል።

ዓለቱ ሲሰበር ሁለት ሞገድ ይነሣል። ቀዳሚው በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ብርጭቆ ያንቃጭላል፣ ብዙም አይጎዳም። ተከታዩ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሕንፃውን ወደ ጎን የሚወዘውዘው እሱ ነው። ከፈንታሌ እዚህ እስኪደርሱ 15 ሰከንድ ያህል ይቀዳደማሉ። ባለሙያዎችም ርቀት የሚያወጡት ከዚሁ ልዩነት ነው፤ ሰከንዱን በ8 ስታባዢው ኪሎ ሜትሩን በግምት ታገኛለሽ። የሦስት የመንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያ ርቀት ሲገጣጠም ቦታው ይታወቃል።

በ15 ሰከንድ ከሰባተኛ ፎቅ አትወርጂም። ደረጃው ላይ ትያዣለሽ፣ ሊፍቱንም እንዳትነኪው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ እግሩን ያዢ፤ ከመስኮት ራቂ።

በዜና የሚነገረው ቁጥር ከምንጩ የወጣውን ጉልበት እንጂ አንቺ ክፍል የሚሆነውን አይነግርሽም። አንድ ቁጥር ሲጨምር ጉልበቱ 32 ጊዜ ያህል ያድጋል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ (የደሴ መንገዱ ካራ ቆሬ እንጂ የከተማችን አይደለም) ከ6 በላይ ነበር። ፈጣኑ ንዝረት ግን መንገድ ላይ ይደክማል፤ እዚህ በደንብ የሚደርሰው አዝጋሚው ነው፤ ረጅም ሕንፃ ደግሞ የሚወዛወዘው ከአዝጋሚው ጋር ነው። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤትሽ «ምንም አልተሰማኝም» ብትል እውነቷን ነው፤ አንቺም አልተሳሳትሽም።

ስለዚህ አሁኑኑ ቤትሽን እዪ። አልጋሽ ራስጌ ያለውን መደርደሪያ አንሺው። ቡፌውንና ቁም ሣጥኑን ከግድግዳ ጋር አሳስሪ፤ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት ፕላስቲክ) ግን ክፍት ብሎኬት ውስጥ ጨብጦ አይይዝም፣ ሲጎተት ይነቀላል። ኮንክሪቱ ኮለን (ምሰሶ) ላይ ይመታ፣ አለዚያም ቦሎኑ ብሎኬቱን አልፎ ከጀርባው በብረት ሳህን ይያዝ። በረንዳ ላይ ያለው የ1000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ መቀመጫው ከተነቃነቀ ውኃውን አስቀንሺ። የጋዝ ሲሊንደሩን አቁመሽ እሰሪው፤ ንዝረቱ ሲቆም መጀመሪያ የምትዘጊው የእሱን ቫልቭ ነው።

ከዚያ ስንጥቅ ፈልጊ። ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የልስኑ ነው። ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀን ጻፊበት፤ ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ እየረዘመ ነው። ኮለን ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካየሽ፣ ወይም ኮንክሪቱ ረግፎ ፌሮው ወጥቶ ከሆነ፣ ወጥተሽ መሐንዲስ ጥሪ፤ እስኪያየው አትመለሺ። ምድር ቤት ያሉትን ሱቆች ኮለኖች አትርሺ፤ ግድግዳ ፈርሶ ለሱቅ የተከፈተ ወለል ከላይ ካሉት ይልቅ ደካማ ስለሚሆን ሕንፃው የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

መሰርሰሪያውንና ቦሎኖቹን ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ።

አባትሽ