የመንጃ ፈቃዱ «ኤች» እና የድርጅቱ ምዝገባ አንድ አይደሉም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአሜሪካ በከባድ መኪና ሥራ ለተሰማሩ አንባቢዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን የምክር ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ሾፌሮች በሲዲኤል፣ ማለትም በከባድ መኪና መንጃ ፈቃዳቸው ላይ «ኤች» የተባለውን የአደገኛ ጭነት ማረጋገጫ ቢያስጨምሩ የተሻለ ክፍያ ያለው ጭነት ማንሣት እንደሚችሉ ያስረዳል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን «ኤች»ን የያዘ ሾፌር የቀረው ነገር መኪናውን አስነሥቶ መሄድ ብቻ እንደሆነ የሚያስመስል አነጋገር ስላለበት፣ እኔም በዚሁ ግምት ተነሥቼ ዋጋ የከፈልኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህን እርማት እንድታወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

«ኤች» የሰውየው ነው። ሾፌሩ የጽሑፍ ፈተና ያልፋል፣ አሻራ ይሰጣል፣ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ታሪኩን ያጣራል፤ ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ማረጋገጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ከፈተናው በፊት በተመዘገበ ማሠልጠኛ የንድፈ ሐሳብ ትምህርት መውሰድ አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ በፕላስቲኩ ካርድ ላይ የምትታተመው አንዲት ፊደል «ይህ ሰው አደገኛ ጭነት ቢነዳ ይታመናል» ከማለት በቀር ስለ ድርጅቱ የምትናገረው ነገር የለም። ስለ ድርጅቱ የሚናገረው ሌላ ወረቀት ነው። እርሱም እኛ ሾፌሮች በአጭሩ ፊምሳ የምንለው የፌዴራሉ የቧንቧ መስመርና የአደገኛ ዕቃዎች ደኅንነት አስተዳደር የሚሰጠው ዓመታዊ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ የምዝገባው ግዴታ መሠረት የተጣለው የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው የአደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዣ ሕግ ነው።

መመዝገብ ያለበት ማን እንደሆነ ደንቡ የሚወስነው በአብዛኛው ከጭነቱ ዓይነትና መጠን ተነሥቶ ነው። ከ25 ኪሎ ግራም በላይ ከባድ ፈንጂ የሚጭን፣ በትንፋሽ የሚገድል ጋዝ ወይም ፈሳሽ ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ከሆነው ምድብ በአንድ ማሸጊያ ከአንድ ሊትር በላይ የሚያጓጉዝ፣ ልዩ መንገድ የሚመረጥለትን ከፍተኛ የራዲዮአክቲቭ ጭነት የሚወስድ፣ 3,500 ጋሎንና ከዚያ በላይ በሚይዝ ቦቴ አደገኛ ፈሳሽ ወይም ጋዝ የሚያመላልስ ድርጅት መመዝገቡ ብዙም አያከራክርም፤ እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚነዳ ያውቃል። ወጥመዱ ያለው በመጨረሻው መስፈርት ላይ ነው። ይኸውም ፕላካርድ፣ ማለትም በመኪናው አራት ጎን የሚለጠፈው ባለ አራት ማዕዘን ምልክት፣ የሚያስፈልገውን ማንኛውንም ጭነት የሚያጓጉዝ ድርጅት መመዝገብ አለበት የሚለው ነው። ገበሬዎች ለእርሻ ሥራቸው በቀጥታ የሚያጓጉዙትን በተመለከተ ከዚህ መስፈርት ነጻ ናቸው፤ እኛ ግን ገበሬዎች አይደለንም።

ይህ መስፈርት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያጠምድ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ተቀጣጣይ የቀለም ማቅጠኛ የያዘ ባለ 55 ጋሎን በርሜል ከነማሸጊያው ወደ 400 ፓውንድ ይመዝናል። የዚህ ዓይነት ፈሳሽ በበርሜል ሲጫን አጠቃላይ ክብደቱ 1,001 ፓውንድ እስኪሞላ ድረስ ፕላካርድ አያስፈልገውም። እንግዲህ ደረቅ ዕቃ በሞላበት ተጎታች ላይ ሁለት በርሜል የጫነ ሰው «ኤች» አይጠየቅም፣ ምዝገባም አይጠየቅም፤ የጭነት ሰነዱን በትክክል ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው በርሜል ከተጫነ ግን ፕላካርዱም፣ «ኤች»ውም፣ የድርጅቱ ምዝገባም በአንድ ጊዜ ግዴታ ይሆናሉ። ዝቅተኛው የኃላፊነት መድን ግን ፕላካርድ ሳይጠበቅ፣ አደገኛ ጭነት በሰነዱ ላይ ከሰፈረበት ጊዜ አንሥቶ ከ750 ሺህ ዶላር ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ከፍ የሚል ሲሆን፣ ፕሮፔንን የመሰለ ጋዝ በትልቅ ቦቴ የሚያጓጉዝ ሰው ደግሞ 5 ሚሊዮን ዶላር ይጠየቃል። በዓመቱ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጭነት አንድ ጊዜ ብቻ መጫንም ምዝገባውን ግዴታ ከማድረግ አያግድም። ላኪው ራሱ መመዝገቡም አጓጓዡን አያድነውም፤ ሁለቱም በየራሳቸው ይመዘገባሉ።

ታዲያ ብዙዎቻችን ለምን አናውቀውም? መልሱ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ አብዛኞቻችን ወደዚህ ሥራ የገባንበት መንገድ ውስጥ ይገኛል። መኪናውን ገዝተን ለአንድ ትልቅ ተሸካሚ ድርጅት በኪራይ ውል እንሰጣለን፤ በበሩ ላይ የሚጻፈው የዶት ቁጥር፣ ማለትም የትራንስፖርት ሚኒስቴር የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ የዚያ ድርጅት ነው። ደንቡ ባለንብረት ሾፌር መኪናውን ለተመዘገበ ድርጅት ለ30 ቀንና ከዚያ በላይ በሆነ ውል እስካከራየ ድረስ እንደ ድርጅቱ ሠራተኛ ስለሚቆጥረው፣ ምዝገባውን የሚጨርሰው፣ የሚከፍለውና የሚያድሰው ድርጅቱ ነው። እኔ በዚህ ሁኔታ ሰባት ዓመት ስሠራ ምስክር ወረቀቱ በመኪናዬ ውስጥ ባለው ማኅደር ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አውጥቼ አላነበብኩትም። ከዚያ እንደ ብዙዎቻችን የራሴን የኤምሲ ቁጥር፣ ማለትም በራስ ስም ጭነት የማጓጓዝ ፈቃድ፣ አወጣሁ። ኢንሹራንሱን፣ የነዳጅ ግብሩን፣ ሰሌዳውን፣ የየግዛቱን ምዝገባ ሁሉ አንድ በአንድ ጨረስኩ። «ኤች»ዬ በኪሴ ስለነበረ የአደገኛ ጭነቱን ጉዳይ እንደተፈታ ቆጠርኩት።

ስሕተቴን የነገረኝ በሜይ ወር ስልክ የደወለልኝ አንድ የወረቀት ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ከ400 ዶላር በላይ ተቀብሎኝ «አንድ ዓመት አትነካም» አለኝና ቁጥሩን በኢሜይል ላከልኝ። በጁላይ አጋማሽ ሚዛን ጣቢያ ላይ ተቆጣጣሪው ምስክር ወረቀቱን ጠየቀኝ፤ በኩራት አወጣሁለት። እርሱም ጣቱን ከታች በተጻፈው ቀን ላይ አሳርፎ መለሰልኝ። ጊዜው ያለፈው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምዝገባ ዓመቱ የሚቆጠረው ከከፈሉበት ቀን ሳይሆን ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 ነው። በሜይ ወር የተመዘገበ ሰው ለያዝነው ዓመት ብቻ ከከፈለ የገዛው ስድስት ሳምንት ነው። (አገር ቤት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 እንደሚከፈት ለምናስታውስ ሰዎች ይህን በቃል መያዝ ቀላል መሆን ነበረበት።) ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በአንድ ጊዜ መመዝገብ የተፈቀደ ሲሆን፣ ለአነስተኛ ድርጅት ክፍያው በዓመት 250 ዶላር፣ በላዩም ላይ ለአንድ ማመልከቻ 25 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ለሦስት ዓመት የሚከፈለው በጠቅላላው 775 ዶላር ነው። እኔ ለስድስት ሳምንት የከፈልኩትን ከዚህ ጋር ማስተያየቱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ማመልከቻውን በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ራስ በራስ መሙላት ይቻላል፤ በዚያ ቀን ሚዛን ጣቢያው ጥግ ቆሜ በስልኬ ሞላሁትና የምዝገባ ቁጥሩን ወዲያው አገኘሁ። በምርመራ ዘገባው ላይ የተጻፈው ጥሰት ግን አልተሰረዘም፤ በድርጅቴ የደኅንነት መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ጭነት ሰጪዎች ስለ እርሱ ሲጠይቁኝ ደጋግሜ ለማስረዳት ተገድጃለሁ። ሕጉ እያወቁ ለሚፈጽሙ ሰዎች የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት ለአንድ ጥሰት ወደ 100 ሺህ ዶላር እንደሚደርስ ሳስብ፣ በዚህ መታለፌን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ።

እዚህ ላይ ወንድሞቼ ሾፌሮች የሚያነሡትን አቤቱታ ሳልጠቅስ ማለፍ አልሻም። «መንግሥት ገንዘብ መሰብሰቢያ አደረገው እንጂ ቁጥር በወረቀት ላይ መጻፉ ማንን ያድናል?» ይላሉ። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ባላውቅ ኖሮ እኔም እንዲህ እል ነበር። ከምዝገባ የሚሰበሰበው ክፍያ በአብዛኛው የሚውለው ለግዛቶችና ለነባር ሕዝቦች አስተዳደሮች በሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ በኩል የእሳት አደጋ ሠራተኞችንና ሌሎች ቀድመው የሚደርሱ ሰዎችን አደገኛ ዕቃ ሲፈስ ወይም ሲቃጠል ምን ማድረግ እንዳለባቸው ለማሠልጠንና ለማዘጋጀት ነው። እነርሱ በየመኪናቸው የሚይዙት፣ በፕላካርዱ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አይተው የሚገልጡት የአደጋ ጊዜ መመሪያ መጽሐፍም በየአራት ዓመቱ ታትሞ በነጻ የሚታደለው ከዚሁ ገንዘብ ጭምር ነው። 1203 ሲያዩ ቤንዚን፣ 1005 ሲያዩ አሞኒያ መሆኑን፣ ከስንት ርቀት ላይ ሰው ማስወጣት እንዳለባቸው ከዚያ ያነባሉ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 በኢሊኖይ ግዛት ቱቶፖሊስ በተባለች አነስተኛ መንደር አቅራቢያ አሞኒያ የጫነ ቦቴ ከመንገድ ወጥቶ ተበሳ። የፈሰሰው ጋዝ አምስት ሰዎችን ገደለ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም በሌሊት ቤታቸውን ለቅቀው ወጡ። አደጋው ከምዝገባ ጉድለት ጋር ግንኙነት አለው ማለቴ አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፣ በዚህ አገር ገጠር የእሳት አደጋ ሠራተኞች በብዛት በቀን የራሳቸውን ሥራ ሠርተው በማታ ሲጠሩ የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ፣ አሞኒያ ምን እንደሚያደርግ አንድ ሰው ቀድሞ ሊያስተምራቸው ይገባል፤ ለዚያም ወጪ ጭነቱን የምናመላልሰው ሰዎች ድርሻ ብንይዝ ቅር የሚያሰኝ ነገር አይታየኝም።

ቅር የሚያሰኘኝ የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። አንድ መኪና ያለው ሰው በዓመት 275 ዶላር ይከፍላል። ሁለት ሺህ መኪና የሚያሰማራ ታላቅ ድርጅት ከነማመልከቻው 2,600 ዶላር ይከፍላል፤ ይህ ለእያንዳንዱ መኪና 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ማለት ነው። ሕጉ ክፍያው ከ250 ዶላር እንዳያንስ፣ ከ3,000 ዶላርም እንዳይበልጥ ስለደነገገ፣ መሥሪያ ቤቱ ቢፈልግ እንኳ ከዚህ ጠባብ አጥር መውጣት አይችልም። ስለዚህ በደብዳቤም ሆነ በስልክ ቅሬታ የሚያሰማ ሰው ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ለምክር ቤት ተወካዩ ቢያደርስ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ለሁላችንም ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የኤምሲ ቁጥር የሚሰጠው መሥሪያ ቤትና አደገኛ ጭነትን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት በአንድ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ጣሪያ ሥር ያሉ ናቸው። እኔ ቁጥሬን ሳወጣ በቅጹ ላይ አደገኛ ዕቃ እንደምጭን ምልክት አድርጌያለሁ። በዚያች ምልክት ምክንያት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አንዲት ማስታወሻ ተልካ «ይህንንም ጨርስ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰኝ ኖሮ አስፈጻሚውም ባላገኘኝ፣ ተቆጣጣሪውም ባላስቆመኝ ነበር። በእኔ ዘንድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰም። ዕድሳቱን እንዳልረሳም በየዓመቱ በጁን ወር የቀን መቁጠሪያዬ ላይ በቀይ እጽፋለሁ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣ ጽሑፉን በድጋሚ ስታወጡ ጥቂት ነገሮች ቢጨመሩበት መልካም ነው እላለሁ። ምስክር ወረቀቱ ወይም የምዝገባ ቁጥሩ የተጻፈበት ሰነድ ጭነቱን በሚጎትተው መኪና ውስጥ መኖር አለበት፤ በቢሮ መቀመጡ አይበቃም። የምዝገባው ማስረጃ ለሦስት ዓመት ይቀመጣል። ቦቴው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ እስኪታጠብና ከጋዝ እስኪጸዳ ድረስ ፕላካርዱ አይነሣም፤ «ባዶ ነው» የሚለው መልስ ተቆጣጣሪን አያረካም። በካሊፎርኒያ በኩል የሚያልፍ ሰው ደግሞ የዚያ ግዛት አውራ ጎዳና ፖሊስ የሚሰጠውን የራሱን ፈቃድ አስቀድሞ ሊያጣራ ይገባል፤ የፌዴራሉ ምዝገባ እርሱን አይተካም። ፈንጂ ወይም በትንፋሽ የሚገድል ጋዝ የሚጭን ድርጅትም ከምዝገባው ሌላ የደኅንነት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ከእኛ መካከል ይህን ሥራ የሚሠራው ጥቂት ስለሆነ በዚህ ላይ አልዘገይም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ መኪናውን ከትልቅ ድርጅት ስር አውጥቶ በራሱ ቁጥር ለመሥራት የተነሣ አንባቢ ሁሉ፣ የውሉ የመጨረሻ ቀን የድርጅቱ ምዝገባም ለእርሱ የሚያበቃበት ቀን መሆኑን፣ በማግሥቱ ሦስተኛውን በርሜል ከመጫኑ በፊት በራሱ ስም መመዝገብ እንዳለበት በጉልህ ፊደል ብትጽፉለት፣ እኔ በሚዛን ጣቢያው የከፈልኩትን እርሱ አይከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ከባድ መኪና ባለቤትና ሾፌር የሆነ አንባቢያችሁ