ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፦ ያልተመዘገበ ድብደባ ወንድሜን ጥገኝነት እያሳጣው ነው

ክቡር ዋና ኮሚሽነር፣

ይህን የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። ታናሽ ወንድሜ ወንድ የሚያፈቅር ወንድ በመሆኑ ሕይወቱን ፈርቶ ከዚህ ከተማ ወጥቷል። አውሮፓ ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ። የመጀመሪያው ውሳኔ «አይቻልም» የሚል ሆነ። አሁን ይግባኝ ላይ ነው። ስሙንም፣ ስሜንም፣ ያለበትን አገርም አልጽፍም። እናታችን እዚሁ ሰፈር ነው የምትኖረው።

ወንድሜ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ ሞባይል ይጠግን ነበር። አንድ ቀን ፎቶው ከነሰፈሩ ስም ቲክቶክ ላይ ወጣ። ደንበኛ ቀረ። የሱቁ አከራይ ልቀቅ አለው። ከዚያ አንድ ምሽት ወደ ቤት ሲመጣ ጎረምሶች ጠብቀው ደቻቱ ወንዝ ዳር ደበደቡት። ማን እንደመታው በደንብ ያውቃል፤ አብረውት ኳስ እየተጫወቱ ያደጉ ልጆች ናቸው። ድሬ እንዲህ ናት። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ሁሉም ደጅ ይወጣል፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው አብሮ ይጫወታል። ይህን ነው የምንወድላት። ስምህ በክፉ ከተነሳ ግን የምትገባበት የለህም።

ፖሊስ ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ማን እንደመታው ሳይጠይቁት በፊት «የሚባለው እውነት ነው?» አሉት። ወንድሜ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርገውን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 629 ያውቃል። አዎ ቢል ከተበዳይነት ወደ ተከሳሽነት ሊዞር ነው። ቃሉን ሳይሰጥ ወጣን። ሐኪም ቤትም «ከሞተር ወደቅኩ» ብሎ ታከመ። ዛሬ በእጁ ያለው የሕክምና ወረቀት የሚለው ይህንኑ ነው።

ክቡር ዋና ኮሚሽነር፣ ነገሩ ወደ እርስዎ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ የሚሳደድን ሰው ይጠብቃል። እንደ ወንድሜ ያሉት የሚታዩት በዚህ በመጨረሻው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 «አገርህ ተመልሰህ ተደብቀህ ኑር» ማለት አይቻልም ብሎ ወስኗል። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። በዚያው ውሳኔ ግን ሌላም ነገር አለ። የሚከለክል ሕግ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ እስራቱ በተግባር የሚፈጸም መሆኑ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የመኝታ ቤት ቪዲዮና መሰል ነገር ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ከለከለ። ትክክል ነው፤ ሰው ክብሩን አውልቆ ጥገኝነት መለመን የለበትም። ታዲያ ምን ይዞ ይቅረብ? የራሱን ቃልና ወረቀት ነው። የፖሊስ ወረቀት የለውም። የሐኪሙ ወረቀት ውሸት ነው። የወንድሜ ጠበቃ «ከአገር ውስጥ ገለልተኛ ተቋም የተጻፈ ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምልክላት አጣሁ።

ከውድቅ ምክንያቶቹ አንዱ «ሌላ ከተማ ሄዶ መኖር ይችል ነበር» ይላል። የት? ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ግማሹ ዘመዳችን ያለው እዚያ ነው። አዲስ አበባ? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የከተማዋ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ተብለው በተጠረጠሩ ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን በይፋ ተናግሯል፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠይቋል። ቲክቶክ ላይ የወጣ ፎቶ ደግሞ የከተማ ወሰን አያውቅም።

አንቀጽ 629 ራሱ ቢቀር ነው የምመኘው። ይህን የማይቀበል ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እናቴም አንዷ ናት። እናቴ ግን ልጄ ይደብደብልኝ አላለችም። አንቀጹም ቢሆን የመፍረድ ሥልጣን ለሰፈር ጎረምሳ አልሰጠም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት አለው ይላል። «ማንኛውም ሰው» ውስጥ ወንድሜ አለ።

ኮሚሽኑ የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 210/1992 አቤቱታ ሳይጠብቅ በራሱ ተነሳሽነት ምርመራ እንዲጀምር ይፈቅዳል። ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። በዚህ ምክንያት የሚደርስ ድብደባን፣ ከቤትና ከሥራ መባረርን፣ ፎቶ አውጥቶ ማስጠቃትን መዝግቡ። ተበዳዩን ስለ መኝታው አትጠይቁት፤ ማን እንደመታው ጠይቁት። ስሙን ደብቃችሁ ያገኛችሁትን አሳትሙ። ለፖሊስም የተደበደበ ሰው አቤቱታ መጀመሪያ በድብደባነቱ እንዲመዘገብ ንገሩልን። እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጠቅመው ለሸሹት ብቻ አይደለም። እዚህ ለቀሩትም፣ ነገ ጣቢያ በር ላይ ቆመው ልግባ አልግባ ለሚሉትም ይሆናል።

ፎቶው የወጣበትን የቲክቶክ ቪዲዮ ቅጂ አስቀምጫለሁ። ከድብደባው በኋላ ያነሳሁት የፊቱ ፎቶም አለ። መርማሪ ከመደባችሁ እሰጣለሁ፤ ቃሌንም ፈርሜ እሰጣለሁ። ስማችን እንዳይወጣ ብቻ ቃል ይግቡልኝ። የይግባኙ ቀጠሮ ቅርብ ነውና መልስዎ እንዳይዘገይብን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የድሬዳዋ ነዋሪ