ረቡዕ ከሰዓት ለምን በራሳችን ገጾች ላይ እንደምንሠራ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን።

ባለፉት ወራት ረቡዕ ከሰዓት ስለ ድረ ገጻችሁ ደውላችሁ «ነገ ጠዋት እናደርስላችኋለን» የተባላችሁ አላችሁ። ምክንያቱን የጠየቃችሁንም አንረሳም። አንድ የቆዩ ደንበኛችን፣ የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው፣ ቢሯችን ድረስ መጥተው ሦስታችንንም በየራሳችን ገጽ ላይ አቀርቅረን አገኙን። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ሆነ እንዴ ነገሩ?» አሉ። አልተቀየምንም። ሳንነግራቸው የቀረነው እኛ ነን። ይህን ደብዳቤ ለሁላችሁም የጻፍነው ለዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለችው ቢሯችን የእናንተን ድረ ገጾች የምንሠራውና የምንጠብቀው ሦስት ሰዎች ነን። ሦስታችንም የየግል ድረ ገጽ አለን። እኔ የአያቴን የማስታወሻ ደብተር እየተየብኩ እጭናለሁ። ባልደረባዬ የእናቷን የምግብ አሠራር ትጽፋለች። ትንሹ ባልደረባችን ደግሞ ከመገናኛ ወደዚህ ስለሚመጣው የታክሲ መንገድ ይጽፋል፤ የትኛው ሰልፍ የትኛው እንደሆነ፣ የት «ወራጅ አለ» እንደሚባል። ከእነዚህ ገጾች አንድ ብር አናገኝም። ረቡዕ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ግን ሌላውን ሥራ አቁመን እነሱን እናሻሽላለን። ሳምንቱን ሙሉ ማምሻችንን እንጽፍባቸዋለን፣ ረቡዕ ደግሞ እንፈታታቸዋለን።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በወር የምትከፍሉን ክፍያ በዚህ ምክንያት አልጨመረም፣ አይጨምርምም።

እና ለምን? የእኛ ሥራ የተፍታታ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። ከእናንተ በብዛት የሚመጣልን ትእዛዝ «ስልክ ቁጥሩን ቀይሩልን»፣ «የበዓሉን ዋጋ አስገቡልን» ዓይነት ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በደስታም እንሠራዋለን። ግን ዓመቱን ሙሉ ይህን ብቻ የሠራ ሰው፣ ድንገት ከባድ ነገር ሲመጣበት እጁ ይንቀጠቀጣል። ልምምድ ያስፈልጋል። ልምምዱን ደግሞ በእናንተ ገጽ ላይ ማድረግ አንችልም። የእናንተ ገጽ ለአንድ ቀን ቢበላሽ ገበያችሁ ይሄዳል። የእኛ ሲበላሽ የሚሄደው የእኛ እንቅልፍ ነው።

ምን እንደተማርን ብንነግራችሁ ይሻላል። ከሁሉም በፊት የባልደረባዬን ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት ገጿን ወደ ሌላ ሰርቨር (ድረ ገጽ ወደሚቀመጥበት ሌላ ኮምፒውተር) ለማዛወር ተነሳች። እንደ ደንቡ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ወሰደች። አዲሱ ቦታ ላይ መለሰችው። ምንም የስህተት መልእክት አልመጣም። ከዚያ ገጹን ከፈተችው። «ድፎ ዳቦ» የሚለው ርዕስ «?? ??» ሆኖ ተቀምጧል። ወደ ታች ወረደች። «3 ኪሎ ዱቄት» የነበረው «3 ?? ???» ሆኗል። «45 ደቂቃ» የነበረው «45 ???»። ቁጥሮቹ ብቻ ቆመው ቀርተዋል። ዱቄቱም ደቂቃውም አንድ መልክ ሆነዋል። እናቷ ነግረዋት የጻፈችው የሁለት ዓመት ጽሑፍ ነው። ወንበሯ ላይ ዝም ብላ ቀረች፤ እኛም ዝም አልን።

ምክንያቱን ለማግኘት እስከ ምሽት ተቀመጥን። ጽሑፉ የሚቀመጥበት የመረጃ ቋት ማይኤስኪውኤል ይባላል። በአሮጌዎቹ ስሪቶች ሌላ ካልነገራችሁት በስተቀር ፊደሎችን የሚይዘው ላቲን 1 በሚባል አሠራር ነው። ላቲን 1 ውስጥ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው። የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ (የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጣቸው የጋራ አሠራር ነው) ሲገባ የተመደበለት ቦታ ብቻውን 384 ነበር። ላቲን 1 ውስጥ ለ«ድ» ቦታ የለም፣ ለ«ፎ»ም የለም። ቋቱ የማያውቀውን ፊደል ሲያገኝ ጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ያልፋል። አንዴ ጥያቄ ምልክት ከሆነ በኋላ ደግሞ ወደ ፊደል የሚመልሰው ዘዴ የለም። ከስሪት 8.0 ወዲህ ይህ ተስተካክሏል፤ አዲሱ ቦታ ላይ የነበረው ግን ከዚያ የቆየ ነበር። ደግነቱ አሮጌውን ሰርቨር ገና አልዘጋችውም። እንደገና፣ በትክክለኛው አሠራር አዛወረችው። ድፎ ዳቦው ተመለሰ።

ይህ በአንዳችሁ ገጽ ላይ ቢደርስስ? ያን ሌሊት ሦስታችንም ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ባክአፓችሁን ሁልጊዜ እንወስድ ነበር። መልሰን ከፍተን ግን አንብበነው አናውቅም ነበር። አሁን በየሦስት ወሩ የእያንዳንዳችሁን ባክአፕ ባዶ ቦታ ላይ እንመልሰዋለን። ከዚያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አማርኛውን በዓይኑ ያነበዋል። ፋይሉ አለ ማለት ብቻ አይበቃም። ይህን የተማርነው ከአንዲት እናት ድፎ ዳቦ ነው።

ሁለተኛው ከአያቴ ደብተር የመጣ ነው።

አያቴ የቄስ ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። ፊደል አያምታቱም። ሠርግ ሲጽፉ በንጉሡ ሠ ነው። ፀሐይ ሲጽፉ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ነው። እኔም እንደጻፉት ተየብኩት፤ አንድ ፊደል መለወጥ ድፍረት መሰለኝ። ከዚያ ገጼ ላይ መፈለጊያ ሳጥን ሠራሁ። ለመሞከር በስልኬ «ሰርግ» ብዬ ጻፍኩ፣ በእሳቱ ሰ። «ምንም አልተገኘም» አለኝ። ደብተሩ ውስጥ ስለ ሠርግ ያልተጻፈበት ወር የለም!

ለእኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሀ» እና «ለ» ያህል የተለያዩ ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ቃል ብቻ እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። 12 ዓይነት አጻጻፍ ማለት ነው። የሚፈልገው ሰው በአንዱ ይጽፋል፣ ገጹ ላይ ያለው በሌላው ነው፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ለዚህ የሠራነው መላ ቀላል ነው። ጽሑፉ ለዓይን እንደተጻፈው ይቆያል። ለፍለጋ ብቻ ከበስተጀርባ ሌላ ቅጂ ይያዛል፤ በዚያ ቅጂ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ሁሉ ወደ አንድ ይመጣሉ። የፈላጊው ቃልም እንደዚሁ ይቀየራል። ከዚያ ይገናኛሉ። አያቴ በንጉሡ ሠ እንደጻፉ ይኖራሉ፣ የዛሬ ልጅም በፈለገው ሰ ጽፎ ያገኛቸዋል።

ይህን ገጼ ላይ አራት ረቡዕ ከሞከርኩት በኋላ ወዲያው የታወሰችኝ የሠርግ ልብስ የምታከራየው ደንበኛችን ናት። የእሷ ገጽ ላይ ሁሉም ነገር «የሠርግ ልብስ» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፏል። የእሷ ደንበኞች ደግሞ ወጣቶች ናቸው፣ በስልክ ነው የሚጽፉት፣ በእሳቱ ሰ። ለስንት ጊዜ «ምንም አልተገኘም» እያለ እንደመለሳቸው እንጃ። ያኔውኑ አስተካከልንላት። ስትደውል ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ደስታ የወሩን ድካም አስረሳን። የሌሎቻችሁም የመፈለጊያ ሳጥን ያላችሁ ተስተካክሎላችኋል፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

የፎቶ ነገር ደግሞ የትንሹ ባልደረባችን ትምህርት ነው። አንድ ቀን መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆሞ የራሱን ገጽ በስልኩ ከፈተ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ገጹ ግን አልተከፈተም። ታክሲ ውስጥ ገብቶ፣ ሂሳብ ከፍሎ፣ ገና እየጫነ ነበር። የታክሲ ተራ የሚያሳይ ገጽ ታክሲ ተራ ላይ ካልተከፈተ ምን ይረባል?

የገጹ ክብደት ከጽሑፉ አልነበረም። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው የሚይዘው። ከአያቴ ደብተር አንድ ሙሉ ገጽ 1500 ፊደል ቢሆን 4.5 ኪሎባይት ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ደግሞ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። አንድ ፎቶ ከ800 የደብተር ገጽ በላይ ይከብዳል ማለት ነው። 30 ፎቶ እንዳለ ብትለጥፉ 120 ሜጋባይት ነው። 100 ሜጋባይት ጥቅል የገዛ ሰው ገጻችሁን አይቶ ሳይጨርስ ጥቅሉ ያልቃል። ያ ሰው ደግሞ ገዢያችሁ ነበር። ፎቶዎቹን ወደ 100 ኪሎባይት ስናወርዳቸው 30ውም ተደምረው 3 ሜጋባይት ይሆናሉ፤ በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ስለዚህ ፎቶ ስትልኩልን እንዳለ ላኩት፣ የማሳነሱ ሥራ የእኛ ነው። በቴሌግራም ስትልኩ ግን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ እኛ ጋ ሳይደርስ ጥራቱ ይቀንሳል።

ስለ ፊደል መልክም አንድ ቃል። አንዳንዶቻችሁ «ያማረ ፊደል ጫኑልን» ትላላችሁ፣ እኛም ገጾቻችን ላይ ብዙ ሞክረናል። አንድሮይድ ስልክ የራሱ የአማርኛ ፊደል አለው፣ አይፎን አለው፣ ዊንዶውስም አለው። ለረጅም ጽሑፍ እነዚህ ይበቃሉ፤ ምንም የሚወርድ ነገር ስለሌለ ገጹ ቶሎ ይከፈታል። ለርዕስ ብቻ ሌላ ፊደል ብንጭን እንመርጣለን። ጽሑፍ አታዝምሙ ብለን ደግሞ አጥብቀን እንመክራለን። የእኛ ፊደል ዘመም ብሎ የመጻፍ ልማድ የለውም፤ ገጹን የሚከፍተው ብሮውዘር በግድ ሲያዘምመው ዓይን ይጎረብጣል።

ቀኖችን በተመለከተ፣ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። የአያቴን ቀን ወደ ፈረንጅ ለመቀየር በሁሉም ላይ 8 ዓመት ደመርኩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን የሚደመረው 7 ነው። የኅዳር ጽሑፎች ሁሉ አንድ ዓመት ወደ ፊት ሄዱ። አሁን ብሮውዘሮች ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠውን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምንጠቀመው፤ ጳጉሜንም ያውቃል። የመዋዕለ ሕፃናት ደንበኞቻችን የምዝገባ ቀን ላይ የሚታየው ይኸው ነው።

ሌላም አለ። የገጹን አድራሻ ደህንነት የሚያረጋግጠው የነፃ ሰርተፍኬት ብዙውን ጊዜ ለ90 ቀን ነው የሚሰጠው። ራሱ እንዲታደስ ተደርጎ ይሠራል። የእኔ ገጽ ላይ ግን ሰርቨር ስቀይር ማደሻውን ረሳሁት፤ አንድ እሑድ የገባ ሁሉ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተቀበለው። አሁን የሁላችሁም ሰርተፍኬት ቀን በሦስታችንም ስልክ ላይ ተመዝግቧል።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። ረቡዕ ከ8 እስከ 11 ሰዓት የዋጋ፣ የጽሑፍና የፎቶ ለውጥ አንቀበልም፤ ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም በፊት የምንነካው የእናንተን ይሆናል። ገጻችሁ ከጠፋ፣ እንግዳ ነገር ከታየበት ወይም ክፍያ አልቀበል ካለ ግን በማንኛውም ሰዓት ደውሉ። ረቡዕም ቢሆን ስልኩ ይነሳል። መብራት ከሄደ ደግሞ በስልክ ኢንተርኔት እንሠራለን፣ ከዚህ በፊትም እንደዚያው ነበር።

አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። የፍለጋው መላ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ያገናኛል እንጂ ሁሉንም አያውቅም። ለምሳሌ «ጸጉር»ን ከ«ፀጉር» ጋር ያገናኛል፤ «ጠጉር» ብሎ የሚጽፈውን ሰው ግን አያገኝም። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉም ብዙ ናቸው። ይህን ከእኛ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ደንበኞቻችሁ በቴሌግራም ሲጽፉላችሁ የምትሸጡትን ነገር እንዴት እንዴት አድርገው እንደሚጽፉት እስከ ወሩ መጨረሻ ላኩልን። የተሳሳተ የመሰላችሁንም አታርሙት፣ እንዳለ ላኩት። ባልደረባዬ አንድ በአንድ ታስገባዋለች፤ መጀመሪያ የራሷ ገጽ ላይ ሞክራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በእናንተው ላይ።

ከአክብሮት ጋር፣
የካ አባዶ ያለነው ሦስታችን