ጥዷን ዛሬውኑ ወደ በረንዳ አውጪያት

እሙዬ፣

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ቦንሳይሽ፣ ያቺ ሸክላ ውስጥ አሳንሰው ያሳደጓት ዛፍሽ፣ ታምራለች። በ25 ዶላር ከሱፐርማርኬት የገዛኋት ናት ብለሽ አታሳንሻት። ግን ከማሞቂያው አጠገብ፣ ጠረጴዛሽ ላይ ነው ያስቀመጥሻት። ከኋላዋ በረንዳሽ ባዶውን ይታያል። እባክሽ ዛሬውኑ አውጪያት።

ይቺ ጁኒፐር የምትባለዋ ናት። አያትሽ ጋ ስንሄድ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያየሽው ጥድ የቅርብ ዘመዷ ነው። ጥድ ሳሎን ውስጥ ሲያድግ አይተሽ ታውቂያለሽ? ትንሽ ሸክላ ውስጥ ብትተከልም ፀሐይና ነፋስ ትፈልጋለች። በብርዱ ወራት ደግሞ ብርዱ ራሱ ያስፈልጋታል፤ የምታርፈው ያኔ ነው።

ይህን ያወቅሁት አንዷን ገድዬ ነው። አንቺ ሳትወለጂ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገባን ሰሞን፣ እንዲህ ዓይነቷን ገዝቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳት። ሻጩ «ቤት ውስጥ ትቀመጥ፣ በሳምንት አንዴ ውኃ ይበቃታል» አለኝ። አመንኩት። ሁለት ወር ሙሉ አረንጓዴ ነበረች። አንድ ቀን አቧራዋን ልጠርግ ስነካት ቅጠሏ እንደ ገለባ ረገፈ። ለካ ጥድ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ቀለሙን አይለቅም። ውኃ ሳጠጣ የከረምኩት የሞተ ዛፍ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ በቀለሟ አትተማመኚ። ቅርንጫፏን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ዳብሺ። ከተለመጠ ደህና ናት። ደርቆ ከተሰበረ ግን ከቅርፊቷ ትንሽ በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊ። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ካየሽ ነፍስ አላት።

አፈሩ ላይ የተነጠፈው ጠጠር በሙጫ የተጣበቀ ይመስለኛል። ሲያጓጉዟት እንዳይበተን ብለው ነው። ውኃው ግን ከላዩ ተንሸራቶ ይፈሳል፣ ወደ ሥሯ አይገባም። በሹካ ጫፍ እየፈነቀልሽ አንሺው። ሸክላው ከታች ቀዳዳ እንዳለውም እይ።

ውኃ የምታጠጫትን ቀን በካላንደር አትወስኚ። ጠዋት ጠዋት ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገቢ። መድረቅ ከጀመረ በታች በኩል እስኪወጣ ድረስ አጠጪያት። እርጥብ ከሆነ ተያት። ሲሞቅ በየቀኑ ልትጠማ ትችላለች፤ ሲዘንብ ደግሞ ለቀናት ላትፈልግ ትችላለች። ቅጠሏን በስፕሬይ ማርጠብ ውኃ ማጠጣት አይደለም። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውንም ድፊው፣ ሥሯ እንዳይበሰብስ።

በአንዴ ለጠራራ ፀሐይ አትስጫት። የመጀመሪያውን ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ይበቃታል። መቀስም ዘንድሮ አይንካት።

ልጅ ሳለሽ ዋሽንግተን፣ ናሽናል አርቦሬተም ወደሚባለው የዛፎች ማሳያ ቦታ የወሰድኩሽን ታስታውሻለሽ? እዚያ ቦንሳይ ሙዚየም ውስጥ ፓይን የሚባል፣ ጥድ የሚመስል አንድ ዛፍ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1625 ጀምሮ ሸክላ ውስጥ የኖረ ዛፍ ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲጣል ያማኪ የሚባሉ ጃፓናውያን ግቢ ውስጥ ነበር፣ ፍንዳታው ካረፈበት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ተረፈ። በ1976 ለአሜሪካ ሰጡት። ከቦምቡ እንዴት እንደተረፈ ግን ሙዚየሙ የሰማው በ2001 ነው፣ የያማኪ የልጅ ልጆች ሊያዩት ሲመጡ። አንቺ ስለ ቦምቡ ስትጠይቂኝ እኔ የማስበው ስለ ውኃው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሁልጊዜ አፈሩን የሚያይለት ሰው አላጣም።

ሸክላዋንና አፈሯን አሁን አትቀይሪ። በሚመጣው መጋቢት፣ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሳትጀምር፣ አዲስ አፈር ይዤ ኮሎምበስ እመጣለሁ። ሥሯን አብረን እናየዋለን። እስከዚያው እሁድ እሁድ ስንደዋወል መጀመሪያ አፈሩን ነክተሽ ንገሪኝ።

የሚወድሽ አባትሽ